ሦስት ትችላለች

«ራጁን አይቼዋለሁ፤ አጥንቱ ተሰንጥቋል። ግን ግድ የለም፣ ሁለት ውድድር ከቻለችልኝ ይበቃኛል» አለ ማናጀሩ። ይህን ያለው ለወንድሜ ነው፣ ያለውም በእኛው ሕንጻ ደረጃ ሥር፣ የፖስታ ሳጥኖቹ አጠገብ ቆሞ ነው። እኔ ከበላያቸው ባለው መታጠፊያ ላይ ሰፍቼ የማደርሰውን የሰው መጋረጃ ተሸክሜ ቆሜያለሁ። የደረጃው መብራት ከተቃጠለ ወር አልፎታል፤ አምፖል የሚገዛ ጎረቤት ጠፍቶ ሁሉም ግድግዳ እየዳበሰ ይወርዳል። ለካ ጨለማም ጥቅም አለው። የሚያወሩት ስለ ታናሽ እህቴ እግር ነው፤ እሷ ሯጭ ነች፣ ወንድሜ አሰልጣኟ፣ ማናጀሩ ደግሞ ሊያስፈርማት የሚመላለስ ወኪል። «ከዚህ ቤት ውጣልኝ» ይለዋል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢያንስ ቢያንስ ዝም ይላል ብዬ። ወንድሜ ግን እንደ ልማዱ ጉሮሮውን ጠረገና «ሦስት ትችላለች» አለ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። ባለጉዳይዋ በዚያች ሰዓት ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ቀኝ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ ተኝታለች። ጎረቤቱ ሁሉ ፌንጣ ነው የሚላት። ትንሽ ልጅ ሆና ደረጃ ስትወርድ የመጨረሻዎቹን ሳትረግጥ ዘልላ ነበር መሬት የምታርፈው፤ ምድር ቤት ያሉት ሽማግሌ ጎረቤታችን «ፌንጣዋ ወረደች፣ ሁለት ሰዓት ሆኗል ማለት ነው» ይሉ ነበር። ቅልጥሟን ካመማት ሰንብቷል። ወንድሜ ወደ ክለቡ ወጌሻ ወሰዳት፣ ራጅ ተነሳች፣ ውጤቱን ራሱ ተቀብሎ መጣና «ጡንቻ ነው፣ በማሸት ይለቃል» አለን። እኛም አመንነው። አሰልጣኝ ነው፣ ስለ እግር ከእሱ በላይ ማን ሊያውቅ ነው። እኔማ ጭራሽ ሽንኩርት በምጠብስበት ዘይት ሳሻት ከረምኩ። የተሰነጠቀ አጥንት ነበር ለካ የማሸው።

ማናጀሩ ገና ከሩቁ ክፋቱ የሚያስታውቅ ሰው ቢሆን ነገሩ በቀለለኝ። ሰውዬው ግን ትሁት ነው። ከእሱ በፊት የመጡት ወኪሎች ሥራቸው ግልጽ ነበር። አንዱ ሜዳው ዳር መኪናውን አቁሞ ጥሩምባ ይነፋላታል፤ ሌላው የመሮጫ ጫማ በላስቲክ ጠቅልሎ በራችን ላይ ትቶ ይሄዳል፣ ያውም ቁጥሩ የማይሆናት። ይኼኛው ግን መጀመሪያ የመጣ ቀን ስለ ሩጫ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። የመጣውም ፌንጣ ልምምድ ላይ እንደሆነች እያወቀ ነው። እናቴ አጠገብ ቁጭ ብሎ ምን እንደሚያማት፣ እንቅልፍ ይወስዳት እንደሆነ፣ ደረጃው ይከብዳት እንደሆነ ጠየቃት። ሁለተኛ ሲመጣ የደም ግፊት መለኪያ ይዞላት መጣ። ፋርማሲ ገብቼ ዋጋውን ጠይቄ ነበር፣ የእኔን የወር ስፌት ይበላል። ራሱ ተንበርክኮ ክንዷ ላይ አሰረላት። አባቴ ከሞተ ወዲህ ክንዷን የያዘላት ሰው አልነበረም መሰለኝ፣ እናቴ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ሯጭ የሚፈርመው በእናቱ እጅ ነው» ይላል አሉ ሰውዬው። ይህን የነገረኝ ወንድሜ ነው፣ ያውም እያደነቀው።

ሦስተኛ ሲመጣ ወደ ወንድሜ ዞረ። «አንተንስ ማን ይወክልሃል?» አለው። አሰልጣኝም እንደ ሯጭ ወኪል እንዳለው፣ ክለብ የሚፈልግለት፣ ደሞዝ የሚደራደርለት ሰው እንዳለ እኔ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ወንድሜም ከእኔ ብዙ የቀደመኝ አይመስለኝም፣ የሻይ ብርጭቆውን አፉ አጠገብ እንደያዘ ቀረ። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ልጅ ሲያስሮጥ «አንተስ?» ያለው አልነበረም። ትልቅ ክለብ ውስጥ የምክትል አሰልጣኝ ቦታ እንዳለ ሰውዬው ቀስ ብሎ ነገረን፤ ደሞዝ ያለው፣ ቤት ያለው። ቦታው ግን የሚከፈተው ፌንጣ ስትፈርም ነው። ስኳር የጠፋ ጊዜ ባለሱቆች «ሳሙና አብራችሁ ካልገዛችሁ አንሸጥም» እንደሚሉት ማለት ነው። ማንኛቸው ስኳር፣ ማንኛቸው ሳሙና እንደሆኑ እስከዚያ ጠዋት ድረስ አልገባኝም ነበር። ፊርማው የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሰውዬው በጠዋት የመጣውም እናቴን «እንዴት አደሩ» ለማለት ነበር።

ስለ ወንድሜ አንድ ነገር ካልነገርኳችሁ የቀረው አይገባችሁም። ወንድሜ የቤቱን ሰው አያሞግስም። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ የሚሉት እሱን ነው። ለሰው ልጅ «ጎሽ» ሲል በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ፤ ለእሷ ሲሆን «የተሞገሰ ሯጭና ከእሳት የወረደ ውሃ ቶሎ ነው የሚበርዱት» ይላል፣ ከየት እንዳመጣው እንጃ። አባታችን ሲሞት ፌንጣ ነፍስ አላወቀችም። እኔ ስፌት ቤት እውል ነበር፣ እናቴም ሰው ቤት ትሠራ ነበር፤ ልጅቷን የሚተውለት ሰው ቢያጣ ሜዳ ይዟት ይሄድ ነበር፣ እዚያው አፈሩ ላይ ሩጫ ያዘች። የክለቦቹን ውድድር ሁሉንም አስከትላ የጨረሰች ቀን ሰው እየጮኸላት እሷ ሰውን ሁሉ አልፋ በቀጥታ ወደ እሱ ሄደች። ሰዓቱን አየና «መታጠፊያው ላይ ተኝተሻል» አላት። በቃ። ቤት ስንገባ ክንዴን ትጎትታለች። «ስሮጥ አጠገቡ ነበርሽ አይደል? ጋሼ ምን አለ?» ትለኛለች። «ምንም» እላታለሁ፣ ምንም ስላላለ። ይህችን ጥያቄ ያልጠየቀችኝ ውድድር አላስታውስም።

መጋረጃውን ለባለቤቷ አደረስኩ። ሴትዮዋ ጠርዙ ተንጋዷል ብላ ከተስማማንበት ላይ ልትቀንስ ጀመረች። ሌላ ቀን ቢሆን ሜትር አውጥቼ ነበር የምሟገታት፣ ጨርቁ ብቻ በሜትር መቶ ሰማንያ የገባበት ነገር። ያን ጠዋት ግን የሰጠችኝን ተቀብዬ ስወጣ እሷው ራሷ ደንግጣ «ምነው፣ አመመሽ እንዴ?» አለችኝ። ቤት ተመልሼ እናቴን ወጥ ቤት አገኘኋት፤ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ያንን መለኪያ ክንዷ ላይ አስራለች። «እማዬ፣ የልጅቷ እግር ጡንቻ አይደለም አሉ» አልኳት። «እየለካሁ ነው፣ አታናግሪኝ። ሲያናግሩኝ ይጨምራል» አለችኝ። ማሽኑ እያጉረመረመ ነፋ፣ እያጉረመረመ ተነፈሰ። ጠበቅሁ። «እማዬ፣ ስሚኝ እንጂ» ስላት እንደገና ተጫነችው። ሦስተኛም። መጨረሻ ላይ መነጽሯን ስላልያዘች «ስንት መጣ?» ብላ ክንዷን ወደ እኔ ዘረጋች፤ አየሁት፣ ከፍ ብሏል። «ከፍ ብሏል» አልኳት። «አየሽ?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ድንች መላጥ ጀመረች፣ እኔም ቢላ አንስቼ አብሬያት ላጥኩ፣ ሁለታችንም ያወራነው ስለ ድንቹ መወደድ ነው።

ወንድሜን ሜዳ አገኘሁት። ከሩጫው ይልቅ ሜዳውን ሲያሰናዳ ነው የሚውለው፤ ዘበኛውም እሱ፣ መስመር አስማሪውም እሱ። ያን ቀንም በዚያች ጎማዋ በጠመመ ጋሪ ኖራ እያፈሰሰ የሩጫውን መም ያሰምር ነበር፣ ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ነጭ ሆኗል። የመጣሁበትን ሳላዞር ነገርኩት።

«አጥንት ነው አይደል?»

ጋሪውን አላቆመም። «ማን ነገረሽ?»

«አንተ ነሃ። ደረጃው ሥር።»

ቆመ። ኖራው ግን መፍሰሱን አልተወም፣ እግሩ ሥር ጉብ አለ። «ካልፈረመች ማን ያሳክማታል?» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ይኼ ክለብ እንደሁ ፋሻ እንኳ የለው። ፈርማ ትውጣ፣ እዚያ ሐኪም አለ። እኔም ሥራውን ከያዝኩ ደሞዝ ይኖረኛል፣ ምንም ብትሆን አሳክማታለሁ።» ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ አልኩ በሆዴ። ሰውዬው ከሁለት ሩጫ በኋላ ምን እንደሚያደርጋት ጠየቅሁት፤ ጎንበስ ብሎ የጋሪዋን ጎማ ማቃናት ጀመረ። መልሱን ያውቀዋል፣ እኔም አውቀዋለሁ። «እሺ ሁለቱን እሱ አለ እንበል» አልኩት፤ «ሦስት ብለህ የጨመርክበት አንተ ነህ። ገበያ ላይ ነበርክ?» ይኼኔ ፊቱ ተለዋወጠ። ይቆጣል ብዬ ነበር፤ አልተቆጣም። የተከመረውን ኖራ በጫማው እየበተነ «ሁለት ሲላት ጊዜ አናደደኝ» አለ። «እንደ አሮጌ ጎማ። ያችን ልጅ መች ያውቃታል? እሷ እኮ...» አልጨረሰውም። ወንድሜ እንዲህ ያለ ወሬ ጨርሶ አያውቅም። እንዲህ የምታስባት ከሆነ ለራሷ ለምን አትነግራትም አልኩት። «ምኑን?» አለኝ፣ የእውነቱን ግራ ገብቶት። ከዚያ ጋሪውን አነሳና «ብቻ እንዳትነግሪያት። ሯጭ ከመሮጡ በፊት አይረበሽም» አለኝ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ከአፉ ያመለጠውን ቃል እኔ እንድደብቅለት ነው የሚለምነኝ። በያዝኩት ጃንጥላ አናቱን ብለው ደስ ይለኝ ነበር፣ አላልኩትም፤ ልጁ አሳዘነኝም። ልጅ እላለሁ እንጂ ታላቄ ነው።

ቤት ስደርስ ፌንጣ ተነስታ ሱሪውን ለብሳ እየጠበቀችኝ ነው። ለፊርማው ፎቶ አለ ስለተባለ ሰማያዊ ሱሪና ኮት ሰፍቼላት ነበር፣ የቀረኝ የሱሪው ጫፍ ብቻ ነው። ክፍላችን ከስፌት መኪናዋ፣ ከሁለቱ አልጋና ከመስታወቱ የተረፈ ቦታ የለውም፤ ሰው ልለካ ስል በርጩማ ላይ አቁሜ ነው። በርጩማው ላይ ስትወጣ በግራ እግሯ ጀመረች። ድሮ ቀኟን ነበር የምታስቀድመው። ተንበርክኬ እስፒሎቼን በከንፈሬ ይዤ ቀኝ ጫፉን ማጠፍ ጀመርኩ፤ ቅልጥሟን ጨርቁ ሲነካት ቆዳዋ ሲሸማቀቅ አየሁት። ከዚህ በላይ አልቻልኩም። እስፒሎቹን ከአፌ አወጣኋቸው።

«አጥንት ነው» አልኳት። «ጡንቻ አይደለም፣ ተሰንጥቋል። ማናጀሩ ያውቃል፤ ሁለት ጊዜ ካስሮጠሽ በኋላ ብትሰበሪም ግዱ አይደለም። በጆሮዬ ነው የሰማሁት።»

ዓይኗን ከመስታወቱ አላነሳችም። «አጥንት መሆኑን አውቄያለሁ» አለች። «ጡንቻ ሲሆን ሕመሙ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ይኼ አንድ ቦታ ነው የሚቀመጠው። የራሴን እግር የማላውቅ መሰለሽ?»

«ታዲያ ምን አባሽ ሆነሽ ነው ዝም ያልሽው?»

«ጋሼ ጡንቻ ነው አለኝ።» እንዲህ አለች፣ ከዚያ ወዲያ ማስረጃ እንደማያስፈልግ ሁሉ። ቀጥላም «ጋሼ ያውቃል?» አለችኝ።

«ያውቃል።»

ኮቷን አንዴ ወደ ታች ጎተተች። «ሰውዬው ሁለት ሲል ጋሼ ምን አለ?»

እዚህ ላይ መዋሸት እችል ነበር፤ «ምንም» የምትለዋን ቃል ስንት ዓመት ብያታለሁ፣ አፌ ለምዷታል። ግን እንድትናደድ ፈለግሁ። የገዛ ወንድሟ እንደ ዕቃ እንደተደራደረባት ትስማና አንጀቷ ይረር፣ ይኼን ሱሪ አውልቃ ትጣልልኝ አልኩ። «‹ሦስት ትችላለች› አለ» አልኳት።

በርጩማው ላይ ዞረች፤ የሰካኋቸው እስፒሎች ወለሉ ላይ ረገፉ። «ማን? ጋሼ?» አለች።

«ጋሼ ነዋ።»

«ትችላለች አለ?»

ፊቷን ያኔ ባያችሁት። እኔ እንዲመጣ የጠበቅሁት ቁጣ የለም። ያቺ የክለቦቹን ውድድር ጨርሳ ሰውን ሁሉ አልፋ የሄደችው ልጅ ናት ከላይ ሆና የምታየኝ። «እስኪ ንገሪኝ፣ በምን አነጋገር ነው ያለው? እንደ ቀልድ ነው? ሰው ፊት ነው አይደል ያለው?» አለችኝ። አልገባሽም፣ ሊደራደርብሽ እኮ ነው፣ ለሥራው ብሎ ነው አልኳት። ትሰበሪያለሽ አልኳት። ከስፌት መኪናዬ በቀር ምንም የሌለኝ ሰው እኔ አሳክምሻለሁ፣ ዘንድሮን ብቻ እረፊ ብዬ ለመንኳት። እየሰማችኝ አልነበረም። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ያችን ቃል ለራሷ እየደገመቻት ነው። ከዚያ ወርዳ፣ በግራ እግሯ አስቀድማ፣ ወለሉ ላይ የረገፉትን አንድ በአንድ ለቅማ በመዳፌ ውስጥ አስቀመጠችልኝና «በይ ጨርሺልኝ፣ እንዳናረፍድ» አለች። ጨረስኩላት። ምን ላድርግ፣ ጫፉን አጥፌ ሰፋሁት።

የማናጀሩ ቢሮ ከጫማ መደብር በላይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ አሳንሰሩ አይሠራም። ግድግዳውን የሯጮች ፎቶ ሞልቶታል፣ ሁሉም እየሳቁ። በፎቶዎቹ መሃል ቀለሙ ከሌላው ነጣ ያለ አራት ማዕዘን እዚህም እዚያም አለ፣ ሚስማሩ እንደተመታ፤ ፎቶ ተሰቅሎ የወረደበት ነው። የወረዱት የት ሄዱ ብሎ የጠየቀ ያለ አይመስልም። ሰውዬው እናቴን ክንዷን ይዞ ሶፋው ላይ አስቀመጣት፣ ራሱ ሻይ ቀዳ፣ «ግፊቱ እንዴት ነው እናቴ?» አላት። «ደህና ነው ልጄ» አለችው። ወንድሜ የሠርግ ኮቱን ለብሷል፤ ሠርጉ ቀርቶ ኮቱ ነው የተረፈው። ጥፍሮቹ ሥር አሁንም ኖራ አለ። ሰውዬው ውሉን እየገለጠ በቀስታ፣ ለሕጻን እንደሚያስረዳ ሰው፣ አንድ በአንድ አስረዳን። በመጨረሻም ወደ ፌንጣ ዞሮ «ለጅምሩ ሁለት ውድድር ነው ያሰብንልሽ፣ እንዳትደክሚብን ብለን» አለ።

ፌንጣ እሱን አላየችውም። ወንድሜን እያየች «ሦስት እችላለሁ» አለች።

ወንድሜ ሻዩን እያማሰለ ነበር፣ ማንኪያው ቆመ። መጀመሪያ እኔን አየኝ። እኔም ዓይኔን አልሰበርኩም፣ አዎ ነግሬያታለሁ፣ ምን ታመጣለህ ብዬ አየሁት። ከዚያ እሷን አየ። እስክሪብቶውን ይዛ፣ ደብተሯን አርሞ እንዲሰጣት እንደምትጠብቅ ተማሪ ቀና ብላ እየጠበቀችው ነው። በእኔ ጆሮ ያለፈውን ቃል አሁን ከራሱ አፍ ፈልጋለች። አፉን ከፈተ። እስከ ዛሬ እኔ የማስበው አንድ ነገር አለ፤ በዚያች ሰዓት «እህቴ፣ እረፊ» ሊላት ነበር ብዬ አስባለሁ። ግን ማናጀሩ ሳቀና ትከሻውን መታ አደረገው። «ልጅ ማለት እንዲህ ናት፤ ጥሩ አሰልጥነሃታል» አለው። ወንድሜ ጉሮሮውን ጠረገ። «በደንብ አንብቢና ፈርሚ» አላት። ሳታነብ ፈረመች። እናቴ ያን ሁሉ ጊዜ የሶፋውን ክር በጣቷ ትጎትት ነበር። ፎቶ ስንነሳ ወንድሜ መሃል ቆመ።

ወረቀቱ እስኪባዛ እኔና ፌንጣ ቀድመን ወጣን። በሩ እንደተዘጋ ትከሻዬን ያዘች። እንዲህ ይዛኝ አታውቅም፤ ሙሉ ክብደቷን ጣለችብኝ፣ አንድ ደረጃ በወረድን ቁጥር ትንፋሿ ይቆረጣል። መጨረሻው መታጠፊያ ላይ ስንደርስ ከላይ በሩ ተከፈተ፤ እናቴ ስታመሰግን ተሰማ፣ ቀጥሎ ወንድሜ ጉሮሮውን ሲጠርግ። እጇን ከትከሻዬ ላይ አነሳች። ቀጥ አለች፣ መደገፊያውን ሳትነካ ወረደች፣ የመጨረሻዎቹን ደረጃዎች ሳትረግጥ እንደ ልጅነቷ ዘለለቻቸው። መሬት ስታርፍ ድምፅ አላሰማችም። እኔ ቀና ብዬ ወንድሜን ነበር የማየው። ከእናቴ ኋላ ቆሞ፣ መደገፊያውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ዓይኑን ጨፍኗል።

ታክሲ ውስጥ እሱ ከፊት ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠ፣ እኛ ሦስታችን ከኋላ። ሾፌሩ ስለ ነዳጅ ዋጋ ያማርራል፤ እናቴ ብቻ «እውነት ነው» እያለች ትመልስለታለች። ፌንጣ ግንባሯ ላይ ላብ ቸፍ ብሏል። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ስዘል ጋሼ ምን አለ?» አለችኝ።

«ጋሼ አላየሽም» አልኳት።

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት ጎንበስ ብላ ቅልጥሟን በእጇ የያዘችው፣ ቤት እስክንደርስም አልለቀቀችውም።